መቶ ስልሳ አንደኛው ፖስትካርድ

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ሚጣ በስልክ ሁሉንም ነግራኛለች። የዓይን ጠብታህን ትራስ ሥር ደብቀህ «ጨርሻለሁ» ማለትህን ጭምር። ከእንግዲህ ማንበብ እንደማትችል ሐኪሙ ስለነገረህ ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ እሷው ናት። ሚጣዬ፣ አደራ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። «ይሄ ይቅርበት» ብለሽ የምትዘዪው መስመር እንዳይኖር። እንባ ከመጣብሽም አልቅሰሽ ስትጨርሺ ቀጥዪ፤ እሱ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ጋሼ፣ ልጅ እያለሁ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግርህ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይል ነበር። ጨዋነት አልነበረም። እናቴን ያገባህ ሰውዬ ነበርክ፤ ለሰው እንኳ «የእናቴ ባል» እያልኩ ነበር የማስተዋውቅህ። በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአንተ የምርቅበት ጥግ ስላልነበረኝ በ«እርስዎ» ራቅኩህ። አንተ ደግሞ የገባህም አትመስልም። ከሥራ ትመጣለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ፣ እግርህን በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ፣ ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው እንደምትናገር ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ምን አየሁ መሰላችሁ» ትላለህ።

ሥራህ በፖስታ ቤቱ መለያ ክፍል ደብዳቤዎችን በየሰፈሩ ሣጥን መደልደል ነበር። የክፍሉን ደንብ ዛሬም አልረሳሁትም፤ ፖስትካርድ አድራሻው ወደ ላይ፣ ሥዕሉ ወደ ታች ሆኖ ይደረደራል፤ ሠራተኛ ገልብጦ ማየት አይፈቀድለትም። ሥዕል የሚያይ ሰው እጁ ይፈዛል ይሉ ነበር። አንተ ግን በቀን አንድ ትገለብጥ ነበር። አንድ ብቻ። ባልደረቦችህ «ገልባጩ» የሚል ስም ያወጡልህም ለዚህ ነው። ካርዱ የሰው ነውና ቤት ይዘኸው አትመጣም፤ ያየኸውን ግን በልብህ ይዘህ ትመጣለህ።

የመጀመሪያዋ ትዝ ትልሃለች? ጣሪያው ላይ ሣር የበቀለበት የእንጨት ቤት፣ ሣሩ ላይ ደግሞ ፍየል። እኔ ላለመስማት ጀርባዬን ሰጥቼህ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ ግን አላስቻለኝም። «ፍየሏ እንዴት ወጣች?» አልኩህ። ዞር ብለህ እንኳ ሳታየኝ «ካርዱ ላይ መሰላል የለም፤ እንግዲህ አንቺ ሥሪላታ» አልከኝ። ከጫማ ካርቶን የፖስትካርድ ያህል ቆርጬ ቤቱን፣ ፍየሏንና መሰላሉን ሣልኩ። ከጀርባው «1» ብዬ ጻፍኩበት። የዓለምን ፖስትካርድ መሰብሰብ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ አንድም ፖስትካርድ ሳይኖረኝ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ካርቶን ባገኘሁ ቁጥር እየሣልኩ፣ አሥራ አንድ ሲሞላኝ ካርቶኖቼ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ደርሰው ነበር። ከአድራሻ በቀር የባዕድ ፊደል ስለማታነብ አገሮቹን በስማቸው አናውቃቸውም፤ «ቴምብሩ ላይ ዓሣ ያለበት አገር»፣ «ንግሥቷ የተኮሳተረችበት አገር» እያልን ነበር የምንጠራቸው። አንድ ቀን ስብስቤን ትምህርት ቤት ወስጄ ኮራሁ። አንዷ የክፍሌ ልጅ አገላብጣ አየችና «ይሄ እኮ የጫማ ካርቶን ነው» አለችኝ። ኩም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እውነተኛ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቴምብር ያለበት ካርድ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እናቴ ሚጣን ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ፣ ቤት ብቻዬን እንዳልውል ብለህ መለያ ክፍል ይዘኸኝ ሄድክ። (ሚጣዬ፣ በዚህ ጥፋት ያንቺም እጅ አለበት።) ከአጠገብህ በርጩማ ላይ አስቀመጥከኝ። እጆችህ እንዴት እንደሚፈጥኑ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ አንዷን ካርድ ገለበጥካት፣ ቆም አልክ፣ መልሰህ የሰፈራችን ሣጥን ውስጥ አስገባሃት። ሻይ ልታመጣልኝ ስትሄድ እጄን ሰደድኩ። ድልድይ ላይ የሚሄድ ቀይ ባቡር ነበር። ሸሚዜ ውስጥ ከተትኳት። አንተ ሻዩን አምጥተህ «ትኩስ ነው፣ እንዳያቃጥልሽ» አልከኝ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እግርህን ነክረህ ያቺኑ ካርድ ነገርከኝ። «ቀይ ባቡር፣ ረጅም የድንጋይ ድልድይ፣ ከሥሩ ሐይቅ» አልክ። ይህን ብቻ። እውነተኛዋ ፍራሼ ሥር ተኝታ እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሣልኩ። ቁጥር 160። አንስተህ ረጅም ጊዜ አየኸውና «ዓይን አለሽ» አልከኝ። ሁልጊዜ «እጅ አለሽ» ነበር የምትለኝ፤ የተሳሳትክ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ካርዷ ፍራሼ ሥር የለችም። ለሚጣ አልጋ ቦታ ሲመቻች ቤቱ ተተራምሶ ነበርና ከቆሻሻ ጋር ተጥላለች ብዬ ደመደምኩ። አልጠይቅ ነገር፣ ምን ብዬ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ትከሻህ አቧራ ለብሶ፣ ወገብህን ይዘህ መምጣት ጀመርክ። «ምድር ቤት አዛወሩኝ፤ ጆንያ መሸከም ነው፤ ነፋሻ ነው፣ ደስ ይላል» አልካት እናቴን። እሷ «ለምን?» ብላ ስትነዘንዝህ «ወገብህ ስፖርት ያስፈልገዋል ብለውኝ ነው» ብለህ አሳቅካት። እኔም ሳቅኩ። ይኸው ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ለተወሰኑ ቀናት ሥዕል ሳትነግረኝ ቀረህ፤ እኔም አልጠየቅኩህም። አንድ ቀን ሳፋው ላይ ተቀምጠህ «ዛሬ ካርቶን የለም እንዴ?» አልከኝ። አመጣሁ። «ትንሽ ጀልባ» አልክ፣ «ጀልባዋ ላይ ነጭ የአህያ ውርንጭላ። ዝናብ ይዘንባል። ሰውዬው በአንድ እጁ እየቀዘፈ በሌላው ለውርንጭላው ጃንጥላ ይዞለታል፤ እሱ ራሱ በስብሷል።» ከብዙ ቀን በኋላ ከልቤ ሳቅኩ። «ለምን ለራሱ አይዘውም?» ስልህ «እሱ መርጠብ ለምዷል፤ ውርንጭላው ግን ገና ልጅ ነው» አልከኝ። ቁጥር 161 ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ በኋላ፣ ለቴክኒክ ትምህርት ከቤት እስክወጣ ድረስ፣ 372 ደረስን።

እንደምታውቀው ሊፍት ገጣጣሚ ሆኜ አገር ለአገር፣ ከተማ ለከተማ መዞር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ያልነገርኩህ ነገር ቢኖር፣ የደረስኩበት ከተማ ሁሉ ሥራ በፈታሁ ቁጥር የፖስትካርድ ሱቅ ለሱቅ መዞሬን ነው። የካርቶን ሳጥኔን ከመሣሪያ ሻንጣዬ ጋር ይዤው እዞራለሁ፤ ሥዕሎቼን እያስተያየሁ እውነተኞቹን እፈልጋለሁ። ባለሱቆች ለይቶላታል ሳይሉኝ አይቀሩም። ግን አገኘሁ እኮ፣ ጋሼ። ፍየሏን አገኘኋት፤ እውነትም መሰላል የላትም። በድምሩ አርባ ሰባት ካርድ አገኘሁ። ውርንጭላውን ግን ያላነሳሁበት ሱቅ የለም፤ አንዱም አያውቀውም።

ባለፈው ወር ፈቃድ መጥቼ ሳለ የሥራ ልብሴ ክንዱ ተቀዶ ከመንገዱ ጫፍ ላሉት ልብስ ሰፊ ወሰድኩላቸው። አሁን አርጅተዋል። መርፌያቸውን እየሠኩ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ፖስትካርድ እሰበስባለሁ ስላቸው የራሳቸውን አልበም አወጡ። ሴት ልጃቸው ከሩቅ አገር በየወሩ መጀመሪያ የላከችላቸው ነው። አገላብጬ አገላብጬ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ማገላበጤን ተውኩ። ቀይዋ ባቡር።

«እሷን አባትሽ ነው በእጁ ያመጣልኝ» አሉኝ። «ወሩ ገብቶ ካርዷ ስትቀርብኝ ፖስታ ቤት ሄጄ ጮኼ ነበር። በማግስቱ በሬ ላይ መጣና ‹ኮቴ ኪስ ውስጥ ረስቻት ነው እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ› አለኝ። ለአለቃውም ያንኑ ተናገረ። የሰው ካርድ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል ብለው ከጠረጴዛው አነሱት። አለቃውን ሄጄ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። አሁን እሱ የሰው ካርድ የሚረሳ ሰው ነበር?»

አልበሙን ዘጋሁት። «የሰረቅኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። መርፌያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ሰደው፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። «ይሄ የዚያን ጊዜው ነው» አሉና ስፌታቸውን ቀጠሉ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ቀለል አለኝ።

ቤት ስመለስ ተኝተህ ነበር። ሳጥኔን ከፍቼ 160ን አወጣሁት። ለካ የባቡሩን የመጨረሻ ፉርጎ በር ቢጫ አድርጌ ሥዬዋለሁ። አንተ ስለ ቢጫ በር አንዲት ቃል አልነገርከኝም፤ ካርዱ ላይ ግን ነበር። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ገባኝ ማለት ነው፤ አንተ ግን ሳፋው ላይ እንደተቀመጥክ ገብቶሃል። ከዚያ ያገኘኋቸውን አርባ ሰባት ካርዶች በየቁጥራቸው ደረደርኳቸው። ሁሉም ከ160 በታች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ጆንያ አፉ ታስሮ ነው የሚመጣው፣ ምድር ቤት ፖስትካርድ የለም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሥዕል ከራስህ ፈጥረህ ነው የነገርከኝ። ጠረጴዛህን ላሳጣችህ ልጅ፣ ወገብህን ይዘህ እየመጣህ።

ስትነሳ ልነግርህ ነበር፤ አንተ ቀደምከኝ። «ሊፍቶቹ እንዴት ናቸው?» አልከኝ። «ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ» አልኩህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ ይኸው በደብዳቤ ነገርኩህ። ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ይቅርታው ግን ደብዳቤውን አይሞላውም፤ የበለጠው ምስጋና ነው። ስላልመታኸኝ አመሰግንሃለሁ። ለእናቴ ስላልነገርክብኝ አመሰግንሃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን «ዛሬ ካርቶን የለም እንዴ?» ስላልከኝ አመሰግንሃለሁ። ያን ቀን ዝም ብትለኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ እቀር ነበር። ውርንጭላው እኔ እንደሆንኩም አሁን ገባኝ። አህያ ስላልከኝ አልተቀየምኩም።

አሁን የምሠራበት ሆስፒታል ፊት ለፊት ትንሽ ማተሚያ ቤት አለ። 161ን ይዤ ገባሁ። ሰውዬው እያገላበጠ «የት አገር ነው ብዬ ከጀርባው ልጻፍ?» አለኝ። «አባቴ ያየው አገር» አልኩት። አባቴ የሚለው ቃል እንደዚህ እንደዋዛ ወጣ። ሰውዬው ምንም አልመሰለውም፣ ጻፈው። እኔ ግን ደረጃው ላይ ወጥቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ካርዷ የምታብረቀርቅ ሆና ታትማለች። ፖስታ ውስጥ ሳልከታት፣ ቴምብር ለጥፌ ለብቻዋ ልኬልሃለሁ። የድሮው ክፍልህ ውስጥ ሥዕሏ ወደ ታች ሆና ታልፋለች። ጠረጴዛህን የወረሰው ሰው ገልብጦ ካያት ይይ፤ ቤቱ ሄዶ ለልጆቹ ይንገራቸው።

ሚጣዬ፣ ካርዷ ስትደርስ ሥዕሉ ምን እንደሆነ እንዳትነግሪው። ሳፋውን ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ አምጪለት፣ ለልጆችሽም ካርቶንና እርሳስ ስጪያቸው። ከዚያ ካርዷን እጁ ላይ አድርጊና «መቶ ስልሳ አንድ» በይው። የቀረውን አባታችን ይነግራችኋል።

ልጅህ