እጄን ያወጣሁ ዕለት

ጊንጪ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ መምህር ገብረአማኑኤል፣

አሸነፍን! ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ይስሙልኝ።

አምቦ ሲያስተምሩን ሁለት እንጨት አሳይተው "የቱ ይረዝማል?" ያሉን ዕለት ትዝ ይልዎታል? ለካ ሰባቱን ተማሪዎች አስቀድመው በምስጢር መክረዋቸው ኖሯል፤ ሁሉም አጭሩን "ይሄ ይረዝማል" አሉ። ስምንተኛዋ እኔ ነበርኩ። ዓይኔ እያየ እኔም አጭሩን መረጥኩ። ክፍሉ ሲስቅብኝ እንዴት ጠልቼዎት ነበር! "ወርቅቱ፣ ሰው በሰው መሀል ሲሆን ዓይኑንም አያምን። አንድ ሰው ብቻ ቀድሞሽ እውነቱን ቢናገር ግን አንቺም ትደፍሪ ነበር" አሉኝ። ተናድጄ፣ አኩርፌዎት ወጣሁ።

እዚህ ጽሕፈቷ ያምራል ብለው የቀበሌ ጸሐፊ አደረጉኝ። እሑድ ስብሰባ ነበረን። አዴ ድንቅቱ የሚባሉ፣ የግማሹን ከተማ ልጅ ያዋለዱ መበለት አሉ። ቤታቸው ሰው ሰብስበው ይጸልያሉ ተብሎ ከቀበሌ ቤት ሊባረሩ ነው። ቃለ ጉባኤውን ደግሞ፣ አፈር ልብላ፣ ቅዳሜ ዕለት እኔው ጽፌዋለሁ፤ "በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ይላል። ልማዳችን እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ እንሰበሰባለን።

ሊቀመንበሩ ጓድ መርጋ "የሚቃወም አለ?" አለ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አዴ ድንቅቱ አገጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አላስቻለኝም፤ እጄን አወጣሁ።

"ጓድ ጸሐፊ፣ ምን ፈለግሽ?"

"እቃወማለሁ።"

በቃ፣ ዛሬ ታሰርኩ አልኩ። ወዲያው ከኋላ ባለወፍጮው ኦቦ ኤጄታ ተነሡ፤ በስብሰባ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም እኮ!

"ዲዴ! እኔም እምቢ ብያለሁ! ሦስቱን ልጆቼን የተቀበሉልኝ እሳቸው ናቸው!"

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! እዚህም እጅ፣ እዚያም እጅ። ስቆጥር ሰማንያ ስድስት። መባረራቸውን የደገፉት ሦስት ብቻ። ያንን "በሙሉ ድምፅ" የሚለውን እዚያው ፊታቸው ሰረዝኩት። አዴ ድንቅቱ ዛሬም ቤታቸው ናቸው!

ስንወጣ ያገኘኝ ሁሉ "የማልፈልገው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" ይለኛል። ኧረ ሁሉም! ጓድ መርጋ ሰው እስኪበተን ጠብቆ ተጠጋኝ። አሁን ጉዴ ፈላ አልኩ።

"ወርቅቱ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔም እኮ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።"

ኩርፊያዬን ትቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ።

ተማሪዎ
ወርቅቱ አዱኛ