ከፊተኛው ወንበር

ልጄ እየሩስ፣ ዳሬሰላም ላይ በልምምድ ከበረኛዋ ጋር ራስ ለራስ ተጋጭተሽ መውደቅሽ ማክሰኞ እዚህ ደብረ ታቦር ተሰማ። የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት አይለይሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

ትናንት ወንዶቹ ኳስ ከሚያዩበት ቤት ገብቼ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጥሁ። ስላንቺ ይከራከራሉ። አንዱ "የቅዳሜው ጨዋታ ይቅርባት፣ ይሻላታል" ይላል። የጎረቤታችን ልጅ ካሳው ግን፣ "እማማ፣ ልጅዎ ጎል ካገባች ቆየች፤ አሁን ደግሞ በግንባሯ መምታት ትፈራለች። አበቃላት" አለኝ።

"አንተ ልጅ ሳለህ የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ ከእኔ ጓዳ ትደበቅ አልነበር?" አልሁት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አደራሽን፣ የእነሱን አፍ ለመዝጋት ብለሽ ሕመምሽን ከሐኪሙ አትደብቂ። እመብርሃን ከፊትሽ ትቅደም። ሐሙስ ሐኪሙ የሚወስነውን ደውለሽ ንገሪኝ። ቅዳሜ ብትሰለፊም ባትሰለፊም እኔ ከዚያው ወንበር ላይ ነኝ።

እናትሽ አማረች