ባለባርኔጣው መርማሪና የሀይሉ ክምር

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለተስፋው፣ አዲስ አበባ።

ከተለያየን ሦስት ወር አለፈ፤ እንዴት ሰነበትህ? የጥቅምት ብርድ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ አቻምየለሽስ እንዴት ናት? ልጅህ ክንዱ ፊደሉን ከየት አደረሰው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናታችንም ጉልበቴን ከማለት በቀር ሌላ ሕመም የለባቸውም። የገዛህልኝ መነጽር እስከ ዛሬ አልተሰበረም። የቅኔ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ መምህራችን ፈረንጅ ሆኑ ብለው ተሳሳቁ፤ አሁን ግን የጻፉትን ስሕተት ከሩቅ ስለማይባቸው መነጽሩን ጠልተውታል።

ዛሬ የምጽፍልህ ነገር የሚጀምረው ከዚሁ መነጽር ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ መነጽሩን ያዘዘልኝ ሐኪም ዐይንህን አለማምደው ቢለኝ አንተ ማለማመጃ ብለህ ሲኒማ ቤት ወሰድኸኝ። የቅኔ መምህር ሲኒማ ገባ ቢባል አገሬው ምን ይለኛል ብዬ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር የገባሁት። በአራተኛው ጊዜ ግን መቼ ነው የምንሄደው ብዬ የጠየቅሁህ እኔው ነኝ። አቻምየለሽ የሳቀችብኝን አልረሳውም።

ያረጁ ፊልሞች ናቸው፣ ቀለም የላቸውም ብለህ ይቅርታ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ የወደድሁት እሱኑ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጥቁር ቀለም በነጭ ብራና ላይ ሲያይ ለኖረ ሰው ከዚያ የሚስማማ ምን አለ? ታሪኩም ያው ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ ባለባርኔጣው የግል መርማሪ ጠባብ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። አንዲት ሴት እያለቀሰች ትመጣለች፤ እሱም ከተናገረችው ይልቅ ያልተናገረችውን ያዳምጣል። ከዚያ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠይቃል። ባለጸጋ አይፈራም፣ መማለጃ አይበላም። ሰው ቤት ገብቶ ባርኔጣውን አለማውለቁ አስቀይሞኝ ነበር፤ ኋላ ግን እንዴት አደርህ የሚለው ሰው ሳይኖረው ለማን ብሎ ያውልቅ ብዬ ተውሁለት።

በአውቶቡስ እስከ ፍኖተ ሰላም ስመጣ መንገዱን ሁሉ የማስበው ይህን ሰውዬ ነበር። ባሕታዊ መሰለኝ። ባሕታዊ ዘመድ ስለሌለው ለትልቁም ለትንሹም እውነቱን ተናግሮ ዱላውን አንሥቶ ይሄዳል። እኛ ግን የክርስትና ልጅ አለን፣ ማኅበርተኛ አለን፣ አማች አለን። አንዲት እውነት ለመናገር ዐሥር ሰው ማስቀየም አለብን፤ ስለዚህ ዝም እንላለን። ያ ሰውዬ በእኔ ፈንታ የሚናገርልኝ መሰለኝና ልቤ ተከተለው። የተከተለው ልቤ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

በታኅሣሥ ወር የጎረቤታችን የሀይሉ የጤፍ ክምር በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ። ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ። አንተ በልጅነትህ ስለወጣህ ረስተኸው ይሆናል፤ የአጥቢያው አባወራ ሁሉ ከዋርካው ሥር ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስም ወደ ሥራው የሚመለስ የለም። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌዎቹ ሹክ ይላል፤ እነሱም ወፍ ነገረን ይላሉ እንጂ ስም አያወጡም። ወፉ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ሁለት ቀን ተቀመጥን። ሰው ሁሉ በበትሩ መሬት ይጭራል። እኔ ግን አራት ፊልም ያየሁ ሰው ነኝ። በመነጽሬ የእያንዳንዱን ልብስ ስመረምር የጎረቤታችን የደረሰ ጋቢ ጫፉ ላይ በእሳት ተበስቶ አየሁ። ደረሰ ደግሞ ከሀይሉ ጋር በድንበር ከተጣላ ሁለት ዓመቱ ነው። ቂም አለ፣ ምልክት አለ፣ ምን ቀረ? ሽማግሌዎቹን ጠጋ ብዬ ሹክ አልኋቸው። እነሱም ተነሥተው ወፍ አይቷል አሉ። ወፉ እኔ ነበርሁ ተስፋው። ይህን ስጽፍልህ አፍራለሁ።

ደረሰ ክምሩን እንዲተካ ተፈረደበት። ጋቢዬ የተቃጠለው ቀድሜ ደርሼ እሳቱን ሳጠፋ ነው እያለ ማለ፤ የሰማው የለም። ማኅበርተኞቹ ጽዋ ነሡት። ይባስ ብሎ እሳት የሚሰጠው ቤት ጠፋ፤ በእኛ አገር የተቀያየመ ሰው እሳት እንደማይጫጫር ታውቃለህ። ቤቱን ዘግቶ ወደ ቆላ ሊወርድ ነው የሚል ወሬም መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ፍም የሚጫርበትን ገል ባዶውን ይዛ ከሰው ደጅ ስትመለስ አየሁ። አንገቷን ደፍታ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ማን ከማን ተጣላ ስንባባል፣ ያን ዕለት እሳት የጫረ ማን ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እሳት የሚጭሩት ሴቶች ናቸው፤ ከዋርካው ሥር ደግሞ ሴት አልተጠራችም። ደግሞም ያ ባለባርኔጣ በፊልሙ መካከል ሁልጊዜ እንደሚሳሳት ትዝ አለኝ። ያልሆነ ሰው ይጠረጥራል፣ ተደብድቦ ጭቃ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና መጠየቅ ይጀምራል። እኔ መጨረሻውን ወድጄ መካከሉን ረስቼው ኖሯል።

ሀይሉ ቤት ሄጄ ሚስቱን እማዋይሽን ጠየቅኋት። ሳታመነታ፣ ያን ዕለት ከእናትዎ በቀር እሳት ሊጭር የመጣ የለም አለችኝ፤ ቀትር ላይ ነው፣ ነፋስም ነበር አለች። ከእነሱ ቤት ወደ እኛ የሚወስደው መንገድ ክምሩ በነበረበት አውድማ በኩል ነው። ወርጄ አመዱን ዳር ዳሩን ብፈልግ ምንም አላገኘሁም። በፊልሙ ሁልጊዜ አንድ ነገር ወድቆ ይገኛል፤ በእኛ አገር ግን አመድ አመድ ነው። የቀረኝ መጠየቅ ብቻ ነበር።

እምየን ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ከአንተ ዘንድ ያመጣሁላቸውን ክብሪት ለፋሲካ ብለው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ያን ዕለት ከእነ ሀይሉ እሳት ጭረው ነበር ወይ አልኋቸው። አዎን አሉ። በመንገድ ፍም ወድቆባቸው፣ በእግራቸው ረግጠው ያጠፉት መስሏቸው አልፈዋል። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። «ሠግቼስ ነበር። ወፍ አየ ሲባል ግን ተመስገን ብዬ ተውሁት። ወፍ ካየ እኔ ምን ዐውቃለሁ?»

ባለባርኔጣው ስንት ጊዜ ተመትቶ ሲወድቅ አይተናል፤ እኔ ያን ጊዜ የተመታሁትን ያህል ግን አልተመታም። ወፉ እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። እሳቸውም ለእሑድ ነጠላዬን ሚስትህ ትጠብልኝ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። የሀይሉን ክምር ያቃጠለው ከእኔ ገል የወደቀ ፍም ነው፣ ደረሰ ንጹሕ ነው አሉ። እኔ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ወፍ አይጠየቅማ። ከእናቴ አጠገብ ሄጄ ቆምሁና፣ «ወፉ እኔ ነኝ» አልሁ። ሽማግሌዎቹ የማይገለጠውን ገለጠ ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ እስከ ዛሬ ያኮረፉኝ አሉ።

ሀይሉ ለእናታችን ሲል ክምሩን ይቅር አለ። ደረሰ እኔን አልፎኝ ሄደ። የእምየን ክንድ ይዞ ቀስ እያለ እስከ ቤት አደረሳቸው። እኔ ከኋላ ብቻዬን ሄድሁ። በፊልሙ መጨረሻ ያ ሰውዬ በዝናብ ብቻውን ሲሄድ ሳይ እቀናበት ነበር፤ ነጻ ሰው ነው እል ነበር። እሱ ግን እውነቱን ተናግሮ የሚሄደው ወደማያውቁት ሰፈር ነው። እኔ የምገባው ከደረሰ አጥር አጠገብ ነው። ሁለት ሳምንት በደጁ ሳልፍ እንደምን አደርህ አልሁት፤ አልመለሰልኝም።

ይህን ደብዳቤ ትናንት እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ዛሬ ጠዋት ውሻው ሲጮህ ብወጣ ደረሰ ራሱ ገል ይዞ ደጄ ላይ ቆሟል። ሚስቱን መላክ ይችል ነበር። ፊቴን ሳያይ እሳት ይስጡኝ አለ። ገብቼ ምድጃውን ጫርሁ። ደህና የቀላውን ፍም መርጬ ገሉ ላይ አኖርሁለትና፣ ነፋስ እንዳይወስደው በሌላ ገል ከደንሁለት። ተቀብሎኝ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለ።

«በአውድማው በኩል አልሄድም፤ አይሥጉ» አለኝ።

እምየ ከውስጥ ሰምተው ሲሥቁ፣ እኔ ደጅ ቆሜ አለቀስሁ።

በል እንግዲህ፣ እምየ ጉንጭህን ይስሙሃል፤ ያ ባለባርኔጣ ሰውዬ እናት የለችውም ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብለዋል። ባለቤቴ እህተ ማርያም ለአንተም ለአቻምየለሽም እጅ ትነሣለች። ለክንዱ ፊደሉን ሲጨርስ ዳዊት እልክለታለሁ በለው። አቻምየለሽን ስለ ሳቋ ይቅር ብያታለሁ። ደብዳቤውን ለገበያ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ ሰው ፖስታ ቤት ያደርስልኛል። ከእነዚያ ካረጁት ፊልሞች አንዱ ከመጣ በእኔ ስም ግባና እይልኝ፤ ስትጽፍልኝ ግን መጨረሻውን ተወውና መካከሉን ጻፍልኝ።

ወንድምህ ገብረሰንበት
ቋሪት፣ ገበዘ ማርያም
ጥር ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.