ለልጄ ስለመረጡላት ክላርኔት

ለተከበሩ የሙዚቃ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ወላጅ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ የሚውልበት ጽሕፈት ቤትዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛ፣ እንቅልፍ ከማጣታችን በቀር፣ ደህና ነን። በአደባባይ መጻፌም ሰሞኑን በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ስብሰባዎን እንዳላውክ ብዬ ነው። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ልጄ ክላርኔት ልማር ባለች ጊዜ፣ እኔ ስለማላውቅ አዋቂ ጠይቄ ቀለል ያለች የፕላስቲክ ክላርኔት መርጬላት ነበር። የመሣሪያው ክብደት የሚያርፈው በቀኝ አውራ ጣት ላይ ስለሆነ ለጀማሪ ቀላሉ ይሻላል፤ ቀዳዳዎቹንም ትንንሽ ጣቶቿ በደንብ ሊደፍኗቸው ይገባል፤ እንጨት ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲክ ግን ቻይ ነው ብለውኝ ነበር። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው «እመቤቴ፣ ፕላስቲክ ለባልዲ ነው፤ እኛ ከግምጃ ቤታችን ነፍስ ያለው እንጨት እንመርጥላታለን» አሉኝ። ቃልዎን ይህን ያህል እንደሚጠብቁ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. የመረጡላት ክላርኔት በአሮጌ ጥቁር ሳጥን ተከቶ መጣ። መንፊያው ላይ የሌላ ሰው ጥርስ አሻራ ነበረበት፤ ከላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች፣ አንደኛው ጫፉ የተሸረፈ። ልጄ አፏን አስጠግታ መለስ አደረገችና «እማዬ፣ የሰው ትንፋሽ አለበት» አለችኝ። የልጅ ነገር ነው ብዬ ሳቅሁባት። ደጋግማ ብትነፋም እምቢ አላት፤ በኋላ ግን አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ፣ ከደጅ ሆኖ የሚጣራ ሰው የሚመስል።

፫ኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ግን በቁጥር የሚሄድልኝ አልሆነም።

እናቴ በሚቀጥለው ክፍል ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ድምፁን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ መጣችና፣ ልጄንም እኔንም ሳታይ ወደ ውጭው በር ዞራ «ፉጨቴ፣ መጣህ? ምነው ደጅ ቆምክ?» አለች።

ፉጨት የምንለው ታላቅ ወንድሜን ነው። አፉ ዝም ስለማይል የወጣለት ስም ነው፤ የፊት ጥርሱም በልጅነቱ ወድቆ የተሸረፈ ነበር። እሱም፣ ክቡር ሆይ፣ የእናንተው ተማሪ ነበር። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ባንድ ለትርኢት ሲጓዝ ተማሪዎቹን የጫነው መኪና ከድልድይ ወንዝ ገባ፤ የሌሎቹ ሬሳ ሲገኝ የእሱ ሳይገኝ ቀረ። በዚያን ጊዜ ወንበርዎ ላይ የነበሩት ሰው እናቴን «ልጁንም ክላርኔቱንም ውሃ ወስዷቸዋል፤ ይጽኑ» አሏት። ያለ ሬሳ አለቀስን፤ ያለ መቃብር ተጽናናን።

እናቴ ክላርኔቱን ከልጄ እጅ ወስዳ ለሁለት ነቀለችው። መጋጠሚያው ላይ፣ ያኔ ቡሹ ተበልቶ ሲላላበት ለወንድሜ ሰም አስነክታ የጠመጠመችለት አረንጓዴ የስፌት ክር እንዳለ ነበር። በጣቷ ዳሰሰችውና «ይሄ የኔ ቋጠሮ ነው» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በር አታስዘጋንም። ነፋስ መዝጊያውን ባንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች። «ዕቃው ከውሃ ከወጣ እሱ የማይወጣው ለምንድን ነው?» ትለኛለች። እኔም ልደብቅዎ አልችልም፣ በሩን ማየት ጀምሬያለሁ።

መልስ ፍለጋ ወደ እርስዎ መጥቼ፣ ክላርኔቱ ከወንዝ እንዴት ወጣ ብዬ ጠየቅሁዎ። እርስዎም ልቤን ለማሳረፍ ብለው «አይስጉ፣ ይህ መሣሪያ ውሃ ነክቶት አያውቅም፤ ያን ጊዜ መሣሪያዎቹ ውድ ስለነበሩ በአዲሱ መኪና ነው የተጫኑት፤ ተማሪዎቹ ናቸው በአሮጌው የሄዱት» አሉኝ። ስለ ግልጽነትዎ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ይህን ያህል ዘመን ማንም ያልነገረንን፣ እርስዎ የዕቃውን ጤንነት ሲመሰክሩ ነገሩኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። «ሁለት መኪና ነበራ» አለች። ያን ዕለት ተነሥታ በሩን በገዛ እጇ ቀረቀረችው። እኔ እንደ ተገላገለች ቆጥሬ ነበር፤ ግን አሁን እየጠበቀችው አይደለም፣ እያለቀሰችው ነው፤ እንደ ትናንት ሟች፣ እንደ አዲስ።

ልጄ በፕላስቲኳ ትማራለች፤ ጣቶቿም ቀዳዳዎቹን ደፍነውላታል። የትምህርት ቤቱ ንብረት በአስቸኳይ ይመለስ ብለው የላኩብንን ማሳሰቢያም በአክብሮት ተቀብለናል። እናቴ ክላርኔቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ልጇን በየትኛው መኪና እንደ ጫናችሁት ፊት ለፊት ቀርበው ከነገሯት፣ በእጇ ታስረክብዎታለች።

ነፍስ ላለው እንጨት ያለዎት ፍቅር እንዳይቀዘቅዝ እየተመኘሁ፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ፤

የጀማሪዋ ተማሪ እናት፣ የቀድሞው ተማሪያችሁ እህት

ተጨማሪ፦ ለመጪው ትርኢት ጀማሪዎችም ከባንዱ ጋር እንዲጓዙ ፈቃዳችንን ጠይቀዋል። እኔ ፈቅጃለሁ፤ አንዲት ትንሽ ልመና ብቻ አለችኝ። ልጄን በተማሪነት ሳይሆን በመሣሪያነት ይመዝግቡልኝ።