ለአባትሽ የታዘዘው ማግኒዚየም

ስቶን ማውንቴን፣ አትላንታ
ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለራኬብ፣

ሆዴ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ስደውል አታነሺም፤ ቴክስት ሳደርግልሽ «ኦኬ ማሚ፣ ቢዚ ነኝ» ትይኛለሽ። የዛሬው ግን በሁለት መስመር የሚነገር አይደለም። ጽፌ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ፊደል ያስቆጠረሽ አባትሽ ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በፋሲካ ዕለት ከአይዋ ድረስ መጥተሽ ስለ ሥራሽ ስታወሪ ፊትሽ እንዴት ያበራ ነበር! አሳማው ወደ ቄራ ሲጫን ከደነገጠ ሥጋው ይገረጣል፣ ውሃውን ያንጠባጥባል፣ ሲበስልም ይደርቃል አልሽን። ከመታረዱ በፊት ባሉት ቀናት መኖው ላይ ማግኒዚየም ሲጨመርለት ግን ረጋ ይላል፤ ሁልጊዜ ባይሳካም ሥጋው ቀለሙንና ውሃውን ይይዛል አልሽ። ግማሹ ባይገባኝም ደስ ብሎኝ እሰማሽ ነበር። አባትሽ ግን መብላቱን ትቶ፣ «ለመሆኑ አንቺስ ትቀምሺዋለሽ?» አለሽ።

«የስ፣ አባዬ። ጆቤ ነው፤ ቴስት እናደርገዋለን» አልሽው።

ይህን ብለሽ ጉርሻ ጠቅልለሽ ዘረጋሽለት። ፊቱን አዞረ። እኔ ልጎርስልሽ ስል ትሪው ላይ መልሰሽ አስቀመጥሽው፤ ትኬትሽን ቼንጅ አድርገሽ በዚያው ቀን ሄድሽ። ያቺ የተዘረጋች እጅሽ እስከ ዛሬ አንጀቴን ትበላኛለች።

አሁን የምነግርሽን እንዳትደነግጪ። አባትሽ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር፤ መሐላዬን ማፍረሴን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ባለፈው ሳምንት ኮሌጅ ፓርክ፣ ከአንድ ሆቴል ደጃፍ ሰው ጭኖ ሲነሳ ልቡ ይዘልበት ጀመር። እንደ ምንም የሚነዳውን የኤርፖርት ሻትል ዳር ፓርክ አደረገና ራሱ አምቡላንስ ጠራ። ለደም ግፊቱ የሚወስደው የሚያሸና መድኃኒት ከደሙ ውስጥ ማግኒዚየሙን አሟጦበታል አሉን ሐኪሞቹ። እሱን ቀየሩለትና የሚዋጥ ማግኒዚየም አዘዙለት። ካልወሰደ ልቡ እንደገና ሊረበሽ፣ ያኔም ላይተርፍ እንደሚችል ለእኔ ለብቻዬ ነገሩኝ።

እሱ ሆዬ፣ ቤት ስንገባ የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበበና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ እኮ ለአሳማ የሚሰጠው ነው» አለኝ።

«ሰውም ይወስደዋል፣ ኃይሉ!»

«ከምን እንደተሠራ በምን አውቃለሁ? ሽፋኑ ራሱ ከአሳማ ይሆናል።»

ግግምነቱን ታውቂው የለ። ፋርማሲስቷን ጎረቤታችንን የምሥራችን ጠራኋት። «ጋሼ ኃይሉ፣ ኢንግሪዲየንቱን ቼክ አድርጌዋለሁ። ታብሌት ነው፣ ከአሳማ የሚሠራው ጄላቲን የለውም። ፕሊስ ይውሰዱት» አለችው። አመስግኖ እስከ በር ሸኛት። አልዋጠም። እግሩን ጨምድዶ እየያዘው ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም አየዋለሁ፤ ፈርቻለሁ ልጄ።

ትናንት በቃኝና ጮህኩበት። «ሐኪሙን አታምን፣ የምሥራችን አታምን፤ ማንን ነው የምታምነው?»



«ራኬብ ትንገረኝ» አለ። «ያን ቀን ‹አልቀምስም› ብትለኝ ጎርሼላት፣ ስንስቅ እናመሽ ነበር። እንደምቆጣ እያወቀች አልዋሸችኝም። እሷ ውሰደው ካለችኝ እወስደዋለሁ።»

«ታዲያ ደውልላት!»

«እጇን መልሼባት በምን አፌ?» አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ትቼው ወደ ጓዳ ገባሁ።

የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ መቅደም የነበረበትም እሱ ነበር። ግን ጊዜ ያለን አይመስለኝም። ለእኔ አትደውይልኝ፣ ለእሱ ደውይ። የፋሲካውን ነገር እሱ እስኪያነሳው ተይው። «አባዬ፣ ዋጠው» ካልሽው ይበቃል። ስልኩን ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ሳይለንት አድርጎ እንደሚረሳው ታውቂያለሽ። ከትናንት ጀምሮ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ጠርሙሱ አጠገብ አስቀምጦታል፤ ውሃም ቀድቶ አጠገቡ አኑሯል።

እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደምልሽ። የዘረጋሽው እጅ ዳግመኛ አይመለስብሽ።

እናትሽ የሺእመቤት