የወራባ ሐቅና የእኔ ነውር

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአቶ ዓለሙ፤

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ የታኅሣሥን ብርድ ቻለው ወይ? እማዬስ፣ ከብቶቹስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ናቸው? ገብሱ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ግን አካሌን ነው እንጂ ልቤስ ከገባበት መውጫ አጥቷል።

ይህን ደብዳቤ ያስቸኮለኝ ሳሙኤል ነው። አብሮኝ የሚያስተምረው ያገራችን ልጅ ለገና ሊመጣ ስለሆነ፣ ወሬውን ከሱ ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። የሱን አፍ መቼም ያውቁታል።

ነገሩ የቆሻሻ ነው፤ አይሳቁብኝ። እዚህ ሐረር፣ እኔ በምኖርበት በፈላና በር፣ ከጥንቱ የከተማው ግንብ ሥር፣ ማን እንደሚጥለው ያልታወቀ ቆሻሻ ተከምሮ ሰፈሩን አገማው። የቆሻሻ መኪና በጠባቡ መንገዳችን ስለማይገባ እስከ ዋናው መንገድ ይዞ መውጣት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ለብዙው ሰው ዳገት ሆኖበታል። ሰፈሩ ተሰብስቦ ጣዩን የሚከታተል ሰው ሲመርጥ ሁሉም ወደ እኔ አየ። ሽማግሌው ሐጂ ዐብዱልዋሲዕ ምክንያቱን ተናገሩ። እኛ በጋብቻና አፎቻ በምንለው ዕድራችን የተሳሰርን ነንና አንዳችን ሌላችንን አናጋልጥም፤ መምህሩ ግን የማንም ዘመድ ስላልሆነ አያዳላም አሉ። እኔም ሞኙ ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

ክምሩን የሚጀምረው ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? አከራዬ ወይዘሮ ሐዲያ! አምና ተስቦ ሲጥለኝ አጥሚት እያጠጡ ያስነሱኝ ሴት። አመሻሽ ላይ የተረፈ ምግብና አጥንት በፌስታል ቋጥረው ከግንቡ ሥር ያኖራሉ። ጅብን እዚህ ወራባ ይሉታል፤ ድርሻውን መስጠት ከእናታቸው የወረሱት ወግ ነው። ጅቡ ፌስታሉን ቦጫጭቆ ይበትነዋል። ጠዋት ያንን ያየ ሁሉ፣ እዚህማ ይጣላል ማለት ነው ብሎ የራሱን ይጨምርበታል።

ቀስ ብዬ ብነግራቸው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ወላሂ ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ የወራባ ሐቅ ነው፤ ሐቁን ብነፍገው ሐራም አይሆንብኝም ወይ አሉኝ። እንግዲያው ያለ ፌስታል ያድርጉት ብላቸው፣ ታዲያ መረቁን በእጄ ልዝገነው ብለው ሳቁብኝ።

ይሄኔ ጥርጣሬው በአፍራ ላይ ወደቀ። አፍራ በሩ ሥር ጎመንና ሽንኩርት እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ከክምሩ ውስጥ የጎመን ቅጠል ተገኘና፣ እስከ ጁምዓ ሌላ ጣይ ካልተገኘ ከቦታዋ ትነሳ ተባለ። ቅጠሉን ለፍየሎቿ አስራ ስትወስድ ሁልጊዜ አያታለሁ። መጥታ፣ መምህር፣ አንተ አይተሃል፣ ያየኸውን ብቻ ተናገርልኝ ብላ ለመነችኝ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ስብሰባው ላይ ቆምኩ። ወይዘሮ ሐዲያ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ስማቸውን ለመጥራት አፌ እምቢ ሲለኝ፣ ቆሻሻው የሚወጣው እኔ ከምኖርበት ቤት ነው አልኩ። ይገባቸዋል ብዬ ነበር። እነሱ ግን በሌላ ተረዱት። ደጃፋቸውን ጠዋት ማታ የሚጠርጉትን ሴት ማን ይጠረጥራል? ሁሉም በእኔ ላይ ሳቀ፤ ጠባቂው ራሱ ጣይ ሆኖ ተገኘ ተባለ።

ለማስተባበል አፌን ስከፍት ወይዘሮ ሐዲያ ተነሱ። እንግዳ ነው፣ ወጋችንን አያውቅም፣ እንደ ልጄ ነውና ለእኔ ስትሉ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት እያሉ ለመኑልኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እየቀለዱ እንዳይመስልዎ፤ የእሳቸው የወራባ ሐቅ እንጂ ቆሻሻ ስላልሆነ፣ ክምሩ የእኔ መሆኑን ከልባቸው አምነዋል። ለእሳቸው ሲባል ምሕረት ተደረገልኝ። አፍራ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ለእሱ ተመስገን። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የግንቡን ሥር እንድጠርግ ተፈረደብኝ። ሳሙኤል ያገኘኝ መጥረጊያ ይዤ፣ ተማሪዎቼ ከበው እያዩኝ ነው። ፌስታሉ እንደሆነ አሁንም ይወጣል።

አሁን እውነቱን ብናገር፣ በእርጅናቸው በዕድራቸው ፊት የማዋርደው ያስታመሙኝን ሴት ነው። ቤቱን ብለቅ አፍሮ ሸሸ እባላለሁ። ዝውውር ጠይቄ ነበር፤ ክረምት ሳይገባ አይታሰብም ብለውኛል። የማንም ዘመድ አይደለም ብለው መረጡኝ፤ ለካ እኔ ሳላውቀው ዘመድ አፍርቻለሁ። ተይዣለሁ አባባ። ለሳሙኤልም እውነቱን አልነገርኩትም፤ ቢያውቅ ተመልሶ እዚህ ያወራዋል። ስለዚህ በሰው ፊት ልጅዎን ሲያማ፣ እንደሚከብድዎ እያወቅሁ ነው የምለምንዎ፣ ዝም ብለው ይስሙት።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴ ኤደን ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ ወንድሜ ዳዊትም እርስዎን በሥራ እንዲያግዝ አደራ ይበሉልኝ። አክስቴ ዘነበችንም ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ።

ወይዘሮ ሐዲያም ለአባትህ ጻፍልኝ ብለውኛል። ስለ ልጅዎ አያስቡ፣ እኔ አለሁለት፣ ነውሩንም ሸፍኜለታለሁ በልልኝ ስላሉኝ፣ እንዳሉት ጻፍኩ።

ልጅዎ ሚኪያስ ዓለሙ
ሐረር፣ ፈላና በር
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.