ከጀርባው ቁልፍ የተተከለበት ሸሚዝ

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ትንሿስ፣ ጥርሷ ወጥቶ አለቀላት ወይስ አሁንም ታስቸግራችኋለች? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? በስልክ ድምፅሽ ታፍኖ ሰምቼው ሆዴ ሲባባ ሰነበተ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባቱ ገና አልከበደኝም። አክስትሽም ደህና ናት፤ ጨው ቀንሺ ካሏት ወዲህ እኔንም አብራ ከልክላኛለች።

የላክሽው የሕክምና ጥናት ጽሑፍና የፈቃዱ ወረቀት ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። የዘገየው ፖስታው አይደለም። ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ስለሆነ ማዶ ያለው ፋርማሲስት ሱቁ ውስጥ አስቀምጦኝ እየተረጎመ አነበበልኝ። መጀመሪያ ላይ፣ የልጅዎን ጽሑፍ ለማንበብ ለእኔም መድኃኒት ሳያስፈልገኝ አይቀርም እያለ ይቀልድ ነበር። በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመጀመሪያዋ ታማሚ የአርባ ስድስት ዓመት እናት ናት፣ ሕመሙ በጀመራት በማግስቱ ዐርፋለች ይላል አለኝ። እናትሽ መሆኗን ለማወቅ ስም አላስፈለገኝም። ይህ ትክክል ነው ብዬ እንድፈርም ነው የላክሽልኝ። ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጄ፣ በማግስቱ አይደለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

ያን ጊዜ አንቺ የሕክምና ትምህርትሽ ፈተና ላይ ነበርሽ። እሑድ ከጸሎት ስንመለስ እናትሽ ራሴን አመመኝ አለች። ሰኞም ማክሰኞም ያው። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም ይዤ፣ ስልሳ ሸሚዝ፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሶብኝ ነበር። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች። በስምንተኛው ቀን አንዱን ሸሚዝ አንስቼ ባየው ቁልፎቹን በሙሉ ከጀርባው ተክላቸዋለች፤ እኩል ለክታ፣ ክሩን አጥብቃ፣ አንዱንም ሳታዛንፍ። ተማሪዎቹ ወደ ኋላ ሊሄዱ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሸሚዙን ደጋግማ አገላበጠችና ፊቱ የቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ድካም ነው አልኩ። አንቺ ብታይው ኖሮ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት መጀመሪያ ሥራው ይለቅ ትላለች፤ ፈተናሽን ሳትጨርሺ እንዳልነግርሽም አስምላኛለች። ይህን የምጽፍልሽ በእሷ ላላክክ አይደለም። እሷ ታማ ነበር፤ ጤነኛው እኔ ነበርኩ። ጠዋትና ማታ እጸልይላት ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ጸሎቱን መቀመጫ አደረግሁት። ተነስቼ መሄድ ሲገባኝ ተንበርክኬ ቆየሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ብጠራት መልስ አጣሁ። ተሸክመን ሐኪም ቤት ስናደርሳት ሐኪሙ መቼ ጀመራት አለኝ። ከኋላው ያለችው ነርስ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። "ትናንት" አልኩ። አፈርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሱም ካርዱ ላይ ጻፈው፤ እናትሽም በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ዐረፈች።

ከጀርባዋ በመርፌ በቀዱት ፈሳሽ ውስጥ ቶሎ የሚገድሉትን በሽታዎች ሁሉ ፈልገው አጡ። አንቺም ያን ካርድ አምነሽ ሄድሽ። የአንጎል ሕክምናውን ተማርሽ፤ አልበቃ ብሎሽ በዓይን የማይታዩትን ተሕዋስያን ጥናት ጨመርሽበት። እናትሽን የመሰለ ታማሚ ስትፈልጊ ይኸው ዘጠኝ ዓመትሽ። አንድ ቀን በስልክ፣ "አባዬ፣ እንዲህ የሚቸኩል ተሕዋስ አይቼ አላውቅም" አልሽኝ። እኔም አይዞሽ፣ ታገኚዋለሽ አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። የቸኮለ ነገር አልነበረም ልጄ። የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ፋርማሲስቱን እንደ ዘበት ጠየቅሁት። ቀስ ብለው አንጎል ውስጥ የሚገቡ፣ በጊዜ ከተደረሰባቸው ደግሞ መድኃኒት ያላቸው ተሕዋስያን አሉ አለኝ። የእናትሽ ከየትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም። የተረፈውን ፈሳሽ በበረዶ እንዳስቀመጥሽው ነግረሽኛል፤ እባክሽ እንደገና እይው። የሚወጣው መልስ እኔን የሚከስ ቢሆንም አትደብቂኝ።

ወረቀቱን ፈርሜያለሁ። ፋርማሲስቱ ጽሑፉ ላይ ቦታውን አሳይቶኝ "በማግስቱ" የሚለውን ሰርዤ በራሴ እጅ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብዬ ጽፌያለሁ። ሸሚዙንም አብሬ ልኬልሻለሁ። ያኔ በምትኩ ሌላ ሰፍቼ አስረከብኩ እንጂ እነዚያን ቁልፎች መፍታት አልሆነልኝም፤ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ነበር። ለሥራሽ ማስረጃ ከሆነ ይሁንሽ፤ ካልሆነም የእናትሽ የእጅ ሥራ ነው።

ብትቆጪ እውነትሽን ነው። ለጊዜው ባትደውዪም አልቀየምሽም። ስልኩን ግን ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከመቀሱ ጎን አስቀምጬዋለሁ።

አክስትሽ ትስምሻለች፤ ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ለእሷም ነግሬአታለሁ፣ አልቅሳ አልቅሳ ጻፍላት አለችኝ። ፋርማሲስቱ ሰላም ይልሻል። ባለቤትሽን ስለ ትዕግሥቱ አመስግኚልኝ። ለትንሿ የሰፋሁላት ቀሚስ ከሸሚዙ ሥር ታጥፎ አለ፤ ቁልፎቹን እኔው ነኝ የተከልኳቸው፣ ከፊት ናቸው።

አባትሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን